ከሰው ጀርባ የቆሙ ቤቶች

የአንድ አገር ታሪክ በብራናና በወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ አይገኝም። በድንጋይና በእንጨት፣ በጭቃና በቆርቆሮም ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ብራናውን የሚያነብ ስለ ተማረ ብራናው ይከበራል፤ ቤቱን የሚያነብ ጥቂት ስለ ሆነ ቤቱ ሳይነበብ ያረጃል፤ ሳይነበብም ይፈርሳል።

እኛ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን በተመካከርን ጊዜ፣ ስለ አክሱም ሐውልቶች፣ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ጎንደር ግንቦች ሊቃውንት ብዙ ስለ ጻፉ፣ ያን ለእነርሱ ለመተው ተስማማን። ከዚያም በዋና ከተማችን በአዲስ አበባ መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ ሳያያቸው ስለሚያልፋቸው አሮጌ ቤቶችና መልካቸውን ስላተረፈው የመንገድ ፎቶግራፍ ለመጻፍ ወሰንን። በመጨረሻም ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት ይዘን ወደ ራሳችን ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለሳለን።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺው ሰውን ለማንሣት ሲል ከሰው ጀርባ የቆመውን ቤት ሳያስበው ለታሪክ እንዳተረፈ፣ ሆኖም ስምና ዘመን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ዲዳ ምስክር መሆኑን ነው።

የፎቶግራፍ መሣሪያና የማይንቀሳቀስ ቤት

ፎቶግራፍ ሲፈጠር ከሁሉ አስቀድሞ አጥርቶ ያየው ቤትን ነው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ዘመን የነበረው መሣሪያ ብርሃንን የሚቀበለው በብዙ ደቂቃ ስለ ነበረ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ከሥዕሉ ይጠፋ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ ከመስኮት ሆኖ አንድ ሰፊ መንገድ አነሣ። በመንገዱ ላይ ሠረገላና ሰው ይመላለስ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ግን ቤቶቹና ዛፎቹ ቁልጭ ብለው ሲታዩ መንገዱ ባዶ መስሎ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ተለይቶ የታየው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን ሰጥቶ የቆመ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ ከቤቶቹ ጋር ለታሪክ የተረፈው በሊስትሮ ፊት ጸጥ ብሎ የቆመው ሰው ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የፓሪስ ከተማ አሮጌ መንገዶች ፈርሰው በሰፋፊ አደባባዮች ሲተኩ፣ የከተማው አስተዳደር ማርቪል የተባለውን ፎቶግራፍ አንሺ ቀጥሮ የሚፈርሱትን ሰፈሮች አስቀድሞ እንዲያነሣ አደረገ። በለንደንም እንዲሁ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ኦክስፎርድ አርምስ የሚባል አሮጌ የመንገደኞች ማደሪያ ሊፈርስ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ጥቂት ሰዎች ማኅበር አቁመው አስነሡት። ማኅበሩ በዚህ ሳያበቃ እስከ 1886 ድረስ የአሮጌውን ለንደን ቤቶች የሚያሳዩ 120 ሥዕሎችን አሳተመ። ዛሬ ስለዚያ ማደሪያ መልክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚመለከተው የእነርሱን ሥራ ነው። ማኅበሩን ያቆሙት ሰዎች ማደሪያውን ከመፍረስ ባያድኑትም ከመረሳት አድነውታል።

ፎቶግራፍ በአገራችን

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የጦሩ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው መጥተው ምሽጉንና አገሩን አንሥተዋል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ፎቶግራፍ ቤተ መንግሥት ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበሩት የስዊስ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ሥዕሎችን አንሥተዋል። በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ይህን ሙያ ወርሰው ነገሥታቱን ሲያነሡ ኖሩ።

እነዚህ ባለሙያዎች በፎቶ ቤታቸው ውስጥ ሲሠሩ ከተነሺው ጀርባ መጋረጃ ይሰቅሉ ነበር። ወደ መንገድ በወጡ ጊዜ ግን መጋረጃ አልነበረም፤ መጋረጃቸው ከተማው ራሱ ሆነ። መኳንንቱ በበቅሎ ሲያልፉ፣ ሠራዊቱ ሲሰለፍ፣ የጥምቀትና የመስቀል በዓል ሲከበር፣ ገበያተኛው ሲጋፋ ባነሡት ሥዕል ሁሉ ከሰዉ ጀርባ የእንጨት ሰገነት፣ የድንጋይ አጥር፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ የሱቅ በር አብሮ ገባ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በተከበረ ጊዜ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የራሱን ፎቶግራፍ አንሺ ልኮ የበዓሉን ሥዕል በቀለም አትሟል። አንሺዎቹ የፈለጉት የንጉሥን፣ የመኳንንትንና የሕዝብን መልክ ነበር። ዛሬ የከተማን ታሪክ የሚያጠና ሰው ግን ዓይኑን ከሰልፉ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ይመለከታል።

የመንገድ ፎቶግራፍ የምንለውም ይህን ነው። ሰውን ተዘጋጅ ሳይሉ፣ እንደ ልማዱ ሲሄድና ሲሠራ ከነአካባቢው ማንሣት ማለት ነው። በዛሬ ጊዜ በኪስ በሚያዝ ስልክ ማንም ሰው ሊሠራው የሚችል ሆኗል።

የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ መሩ። እያንዳንዱ መኰንን በተሰጠው ጉብታ ላይ ቤቱን ሠራ፤ ጭፍራውና ቤተሰቡም በዙሪያው ሰፈረ። ከተማይቱ በሰፈር የምትጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ውቤ በረሃ የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድን ስም ይዟል፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የቤኒ ሻንጉሉ ገዥ የሼኽ ሆጀሌ አልሐሰን ስም በሕዝብ አፍ ተለውጦ የቀረ ነው። በታክሲ ሸጎሌ እያለ የሚጣራው ልጅ የአንድን ታላቅ ሰው ስም መጥራቱን ላያውቅ ይችላል።

የእነዚህ ቤቶች አሠራር ራሱን የቻለ መልክ አለው። የታችኛው ደርብ በድንጋይ ይገነባል፤ የላይኛው በእንጨትና በጭቃ ይሠራል። በዙሪያው በጣውላ ያጌጠ ሰገነት ይዞርለታል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል ነው። ጣራው በቆርቆሮ ይከደናል። በሥራው ላይ ኢትዮጵያውያን ብቻ ሳይሆኑ የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የጣሊያን ባለሙያዎችም እጃቸውን አስገብተዋል። የአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ሆኖ ሲሠራ መሐንዲሱ ካስታኛ በዐድዋ ጦርነት ተማርከው በኢትዮጵያ የቀሩ ጣሊያናዊ ነበሩ። እንግዲህ በአንዲት ሰገነት ላይ የብዙ አገር እጅ ተገናኝቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ መልካም ዕድል አግኝተዋል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት ከተማይቱ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤትም አዲሱ የከተማ አዳራሽ በ1957 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሌሎቹ ግን እንዲህ አልቀናቸውም። ከሕንድ መጥቶ በአራዳ ይነግድ የነበረው የመሐመድ አሊ ኩባንያ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ትእዛዝ ከአገር ተባረረ፤ ቤቱ ያለ ባለቤቱ ቀረ። እቴጌ ጣይቱ ያስቆረቆሩትና ከአገራችን ሆቴሎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር።

እነዚህ ቤቶች ቸል የተባሉበት ምክንያት ምንድር ነው? እኛ እንደሚመስለን ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ከአስተሳሰባችን የመጣ ነው። ታሪካዊ ሕንፃ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው የአክሱም ድንጋይና የጎንደር ግንብ ስለ ሆነ፣ መቶ ዓመት የሞላው የጭቃና የእንጨት ቤት አሮጌ እንጂ ታሪካዊ አይመስለንም። አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ከአያያዝ የመጣ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ሰፊ ቤት በብዙ ቦታ ለብዙ ተከራዮች ተከፋፈለ። ኪራዩ ጥቂት ስለ ሆነ ለማደሻ አይበቃም። ተከራዩም የእኔ ብሎ ሊያድሰው አልቻለም። ጭቃና እንጨት ደግሞ ጣራው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ዕድሜ አለው፤ አንዲት ቆርቆሮ ተነሥታ ዝናም መግባት ከጀመረ ግን ግድግዳው ይረጥባል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ቤቱ ከውስጥ ይሞታል።

ሦስተኛው ከከተማይቱ ዕድገት የመጣ ነው። ቦታው ከቤቱ ይልቅ ዋጋ እያገኘ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል።

እዚህ ላይ ነገሩን በሁለት በኩል ማየት ይገባል። ድኻ ሰው ለእኛ የታሪክ ትምህርት ሲባል በሚያፈስ ጣራ ሥር ይኑር ልንል አይገባንም። ከተማ መንገድና ውኃ፣ መጸዳጃና ጤናማ ቤት ያስፈልጋታል። ሆኖም ልማትና ታሪክ የግድ ጠላቶች አይደሉም። የራስ ብሩ ቤት ሙዚየም መሆኑ፣ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ትምህርት የሚሰጥበት መሆኑ አሮጌ ቤት አዲስ ሥራ ሊያገኝ እንደሚችል ያሳያል። መፍረስ የግድ ከሆነም ከመፍረሱ በፊት ተለክቶ፣ ተነሥቶ፣ ታሪኩ ተጽፎ መሆን አለበት።

ሥዕሉን እንዴት እናንብ

ስም የሌለውን የመንገድ ፎቶግራፍ ዘመን ለመገመት ከሰው ጀርባ ያለውን መመልከት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ለምሳሌ በአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ የተነሣ ሥዕል ቢገኝ፣ በመጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት መፈለግ ነው። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ዋዜማ ስለ ሆነ፣ ፈረሱ በሥዕሉ ላይ ከታየ ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነው። ካልታየ ግን ወይ ከ1923 በፊት ነው፤ ወይም ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ሐውልቱን ካነሡበት ጊዜ ጀምሮ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው እስከ ተመለሰበት ያለው ዘመን ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ደግሞ ወደ ገበያው መመልከት ያስፈልጋል። የቀድሞው ትልቅ ገበያ በጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ወደ መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ዘመን ነው። ስለዚህ ሐውልት በሌለበት ሥዕል ገበያው ደምቆ ከታየ ዘመኑ ከ1923 በፊት ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ አለን።

እንዲሁም ኮረብታዎቹ ባዶ ከሆኑ የባሕር ዛፍ ገና አልተስፋፋም ማለት ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ከታየ ሥዕሉ ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ቤቶቹ በሣር የተከደኑ ወይም በቆርቆሮ የተከደኑ መሆናቸው፣ በመንገዱ ላይ በቅሎ ወይም መኪና መበርከቱ ሁሉ እንደ ፊደል የሚነበብ ነው። በዚህ ዓይነት ሰውየው የማይታወቅበት ሥዕል እንኳ ቤቱ ከታወቀ ዘመኑን ይናገራል።

ከመንቆረር እስከ ደብረ ማርቆስ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። መሠረቷም ከደጃዝማች ተድላ ጓሉ ዘመን፣ ከ1845 ዓ.ም. ጋር ተያይዞ ይነገራል። በኋላ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማይቱም በታቦቱ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ንጉሡ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት በምኒልክ ተማርከው ተለቀቁ፤ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘምተዋል፤ በ1893 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ከተጓዙት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ከጉዞው ከተመለሱ በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም.፣ የአባታቸውን ቤተ መንግሥት የአውሮፓ ሕንፃ እንዲመስል አድርገው አሳደሱት። እንግዲህ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት የምንለው ሕንፃ የሁለት ትውልድ ሥራ ነው ማለት ነው፤ መሠረቱ የአባት፣ ገጹ የልጅ። «ቤተ መንግሥት፣ ደብረ ማርቆስ» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ሥዕል የአባትየውን ቤት ያሳይ እንደ ሆነ ወይም የልጅየውን መልስ አይሰጥም። አንዲት የዓመተ ምሕረት ቁጥር ብትጨመርበት ግን መልሱን ትሰጣለች።

በራስ ኃይሉ ዘመን በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ቺዝማን የጣና ሐይቅንና የዓባይን መንገድ እየተከተሉ ጎጃምን አጥንተዋል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍም ሥዕሎች አሉበት። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም በዚሁ ከተማ ገቡላቸው። በዚያው ሰሞን በደምበጫ ምሽግ ንጉሠ ነገሥቱ ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር የተነሡት ሥዕል በለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም ተቀምጧል። ሥዕሉን ያነሣው ወታደር የሦስቱን ሰዎች ስም፣ የቦታውን ስምና ቀኑን ስለ ጻፈበት፣ ዛሬ በሩቅ አገር የሚኖር ሰው ደምበጫ ብሎ ስማችንን ያነባል። እነዚያ ጥቂት ቃላት ባይጻፉ ኖሮ ምሽጉ ስም የሌለው ግድግዳ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጠበል በአጠገቡ ያለ ሰው ልጥ ይነክርበታል ይባላል። እኛም በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ የምናልፋቸውን ቤቶች እንዲህ እንዳናደርጋቸው ያስፈልጋል። ብዙ ገንዘብና ትልቅ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ በየቤታችን ያለውን ሣጥን እንክፈት። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን የሠርግ፣ የክርስትናና የትምህርት ምረቃ ሥዕል በዚያ አለ። ከሙሽሮቹ ጀርባ የቆመው ሱቅ፣ ከተመራቂው ጀርባ ያለው በር የከተማችን ታሪክ ነው። ሥዕሉን ይዘን ወደ አባታችን፣ ወደ እናታችን፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ አያቶቻችን ሄደን፣ «ይህ ቤት የማን ነበር? ማን ሠራው? አሁን በቦታው ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። ቤት ቢፈርስ ሥዕሉ ይቀራል፤ ያወቀው ሽማግሌ ካለፈ ግን ሥዕሉም አብሮ ዲዳ ይሆናል።

ሁለተኛ የሰማነውን እንጻፍ። በሥዕሉ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፣ የነገረንንም ሰው ስም እንጻፍበት። ቀለም ወደ ፊት በኩል ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻልና እርሳስ ይሻላል። ሥዕሉ በስልክ ያለ እንደ ሆነም በተለየ ደብተር ይጻፍ፤ በሁለት ቦታም ይቀመጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሦስተኛ ዛሬ ያለውን ራሳችን እናንሣ። አሮጌ ሥዕል ከተነሣበት ስፍራ ቆመን፣ ወደዚያው አቅጣጫ ተመልክተን እንደገና ብናነሣው ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የሃምሳ ዓመት ለውጥ ያሳያሉ። ነገር ግን ሰውን ሳናስፈቅድ በቅርብ ማንሣት፣ ችግረኛን መሳለቂያ ማድረግ፣ በተከለከለ ቦታም መሣሪያ ማውጣት የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። በሰው ደጃፍ ስንቆም እንደ እንግዳ ሰላምታ ሰጥተን፣ ለምን እንደምናነሣ ተናግረን፣ ፈቃድ ስናገኝ ብቻ ማንሣት ይገባናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶግራፍ የቤት ምትክ አለመሆኑን መርሳት የለብንም። ሥዕል የግድግዳውን ውፍረት፣ የማገሩን አሠራር፣ የሰገነቱን ጥላ አይሰጥም። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ቤቱ ቆሞ ሳለ ጣራውን መጠገን ነው። ይህ የወላጆቻችን፣ የማዘጋጃ ቤቱና የመንግሥት ሥራ ነው። እኛ ግን ቤቱ ማን እንደ ሆነ ልንነግራቸው እንችላለን፤ ሰው የማያውቀውን አይጠብቅምና።

መምህራኖቻችን ይህን ሥራ ከታሪክ ትምህርት ጋር እንዲያያይዙልን፣ ወላጆቻችንም ሣጥኖቻቸውን እንዲከፍቱልን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ከእኛ በተሻለ እንዲሠሩት እንለምናለን። ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ይህን የበዓል መጽሔት ገልጠው የእኛን የቡድን ሥዕል ባዩ ጊዜ፣ የፊታችንን መልክ አይተው እንዳያበቁ፤ ከጀርባችን የቆመውን ሕንፃ ስም፣ የሠራውን ሰውና ዘመኑን ከግርጌው ያንብቡ።